ማንሳት

በባሌዋ ሲናና «ገና» የሚባለው የበልግ ስንዴ የሚነሳው በክረምት ነው። ጆንያው ሞልቶ አፉ ከተሰፋ በኋላ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ «በል አንሳ!» ይባባላል። መቶ ኪሎ ብቻውን የሚሞክር የለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 30 ተዘግቶ ከሮቤና ከጎባ መራጮች ጋር ውይይት የሚደረገውም በዚሁ ሰሞን ነው። እዚያም ማንሳት አለ፤ የመንገድ ጥያቄ ይነሳል፣ የማዳበሪያ ዋጋ ይነሳል፤ ተመራጩ ማስታወሻው ላይ ይጽፋል።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን ቃሉን ከበድ አድርጎታል። በአንቀጽ 12 መሠረት ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል። ቀጥሎ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ትመጣለች፦ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል። ሕጉን የሚያወጣው ማን ነው ቢሉ፣ ያው አባላቱ የሚነሱበት ምክር ቤት! በጆንያው አንደኛው ጫፍ ማን እንደቆመ ልብ ይሏል። ነገሩ የሕገ መንግሥት ክርክር ቢሆንስ? አንቀጽ 83 ውሳኔውን የሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ማለትም ለሌሎች ፖለቲከኞች ነው።

በዜና የምንሰማው «ያለመከሰስ መብቱ ተነሳ» ደግሞ ሌላ ማንሳት ነው። አንቀጽ 54 እንዲህ አይልም። አባሉ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ አይከሰስም ነው የሚለው። በዚህኛው ማንሳት ደግሞ መራጩን የሚጠይቀው የለም።