ቢራቢሮዋን መራራ ያደረጋት ቅጠል

ወላይታ ሶዶ ላይ ክረምት ሲገባ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ውሃ የየጓሮውን ጥግ ያረጥበዋል። መሬት ጠባብ ነውና ያ ጥግ በከንቱ አይተውም፤ ጎዳሬ ይተከልበታል። በቦዩ ዳር ግን ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ቁጥቋጦ አለ። ቅጠሉ ቀጭን ነው፣ ፍሬው አየር የተሞላ ፊኛ ይመስላል፣ ሲሰበር እንደ ወተት ያለ ነጭ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። የሳይንስ ስሙ ጎምፎካርፐስ ሲሆን በቆላ የምናውቀው ጦቢያ ዘመዱ ነው። መርዛማ ስለሆነ ይነቀላል። ታዲያ ምን አብሮ ይነቀላል?

መልሱን ከግብጽ እንጀምር። ነባሙን የተባለ የእህል ሒሳብ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1350 ገደማ በተሣለ የመቃብር ሥዕሉ ላይ ረግረግ ውስጥ፣ በደንገል መካከል ወፍ ሲያድን ይታያል። ሥዕሉ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በአየሩ ላይ ክንፋቸው ብርቱካንማ፣ ጫፉ ጥቁርና ነጭ የሆነ ቢራቢሮዎች አሉ። እነዚህ እኮ ዛሬም በእኛ ጓሮ የሚበሩት ናቸው! ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. የሰጣቸው ስም ዛሬ ዳናውስ ክሪሲፐስ ተብሎ ይጻፋል።

ይቺ ቢራቢሮ ቀስ ብላ ነው የምትበረው፤ ወፍ የምትፈራ አትመስልም። ሌላ ዝርያ የሆነችው የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴቷ ደግሞ መልኳን ቀድታ ትኖራለች። ሄንሪ ቤትስ ከአማዞን ተመልሶ በ1862 እንዲህ ያለውን ነገር አብራራ፦ መራራዋን ቀምሶ የተማረ ወፍ አስመሳይዋንም አይነካም።

ምሬቱ ከየት መጣ? በ1967 ሊንከን ብራወርና ባልደረቦቹ የአሜሪካዋን ዘመድ፣ ሞናርክን፣ አባጨጓሬዎች በጎመን አሳደጉ። ወፎቹ በጎመን ያደጉትን በልተው ምንም አልሆኑም፤ መርዘኛውን ባለወተት ተክል በልተው ያደጉት ግን አስመለሷቸው። መርዙ የቢራቢሮዋ ሳይሆን የቅጠሉ ነበር።

ለመሐንዲስ የሚገርመው የአሠራሩ ነገር ነው። መርዙ በሴል ሽፋን ላይ ሶዲየም የሚያስወጣና ፖታሲየም የሚያስገባውን ፓምፕ ይዘጋል፤ ልብም በዚሁ ምክንያት ትታወካለች። የሞናርክ ፓምፕ ግን በጥቂት ቦታዎች ተለውጦ መርዙ እንዳይይዘው ሆኗል። በ2019 ተመራማሪዎች ሦስት እንዲህ ያሉ ለውጦችን ወደ ፍሬ ዝንብ ጂን ሲያስገቡ ዝንቧም መርዙን ቻለችው።

ወደ ጓሯችን እንመለስ። የጓሮ አበባ ለትልቋ ቢራቢሮ ማር ይሰጣል፤ ለአባጨጓሬዋ ግን ምግብ አይሆንም። አባጨጓሬዋ የሚያስፈልጋት የዚህ ተክል ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከጎዳሬው ዳር ሁለት ሦስት እግር መተው ብዙ ቦታ አይወስድም። ከብትና ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ ከመኖ ጋርም አይታጨድ። ወተቱ የነካውን እጅ ሳይታጠቡ ዓይን መንካት አይገባም። ቅጠሉ ላይ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት ያለው አባጨጓሬ ካያችሁ ደግሞ አትግደሉት፤ ጎዳሬያችሁን አይነካም።