ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ የማዕከላዊ መንግሥትና የፋይናንስ ሥርዓት አመሠራረት፦ ከዋጃና ከራያ ቆላ አንጻር

መግቢያ

በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ በዋናው መንገድ ላይ በምትገኘው ዋጃ የሚኖር አርሶ አደር የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውንና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብሩን ከፍሎ ደረሰኝ ሲቀበል፣ ክፍያውን የተቀበለው ሠራተኛ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ነው። ገንዘቡም በሕግ ወደ ተወሰነ የመንግሥት ሒሳብ ገብቶ በጸደቀ በጀት መሠረት ለሥራ ይውላል። ይህ አሠራር ዛሬ የተለመደ ቢሆንም፣ ከጠላት ወረራ በኋላ የተቋቋመው መንግሥት ግን ከባዶ ካዝና ተነሥቶ በብዙ ውጣ ውረድ የገነባው ነው። ይህ ጽሑፍ ሥርዓቱ እንዴት እንደ ተመሠረተ፣ ምን ችግር እንደ ገጠመውና ለዛሬው ተገልጋይ ምን ትርጉም እንዳለው በአጭሩ ያብራራል።

ከወረራው በፊት የነበረው መሠረት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ከተቋቋሙት ሚኒስቴሮች አንዱ የገንዘብ ሚኒስቴር ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥትም የመንግሥት ገቢ ወጪ የሚሆነው በየዓመቱ በሚወሰን በጀት ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ይሁን እንጂ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ግብር በእህል፣ በማር፣ በከብትና በጉልበት ይከፈል ነበር። የአገር ገዥው ከሚሰበስበው ላይ የራሱንና የጭፍራውን ድርሻ አስቀርቶ የተረፈውን ወደ ማዕከል የሚልክ በመሆኑ፣ ማዕከላዊው መንግሥት የአገሪቱን ጠቅላላ ገቢ በትክክል የሚያውቅበት መንገድ ጠባብ ነበር። የአምስቱ ዓመት ወረራ ይህንንም ጅምር አቋረጠው።

ነፃነት ያለ ገንዘብ

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ግንቦት 3 ቀንም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ሆኖም አገሪቱን ይቆጣጠር የነበረው የእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ስለ ነበረ፣ ሹመቱ ወዲያውኑ ሙሉ ሥልጣን አላስገኘም። የገንዘቡም ሁኔታ የተመሰቃቀለ ነበር፤ በገበያ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ የጣሊያን ሊሬና እንግሊዞች ያስገቡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአንድ ጊዜ ይሠራባቸው ነበር። እህሉን ወደ ገበያ የሚያወጣ ገበሬ የትኛውን ገንዘብ በስንት ሒሳብ እንደሚቀበል እርግጠኛ መሆን አይችልም ነበር።

ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት መሠረት የእንግሊዝ መንግሥት በመጀመሪያው ዓመት 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ፓውንድ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ 1 ሚሊዮን ፓውንድ እርዳታ ለመስጠት ተስማማ። ስምምነቱ ከቀጠለ እርዳታው በሦስተኛው ዓመት ወደ 500 ሺህ፣ በአራተኛው ወደ 250 ሺህ ፓውንድ ዝቅ እንዲል ተወስኖ ነበር። በምላሹ መንግሥቱ የእንግሊዝ አማካሪዎችን ለመቀበል ተገደደ፤ የምድር ባቡሩ፣ ኦጋዴንና ሌሎች የተከለሉ ቦታዎችም በእንግሊዝ እጅ ቆዩ። እርዳታው በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ በመሆኑ መንግሥቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ የራሱን ገቢ መፍጠር ነበረበት። ስምምነቱ ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በሌላ ስምምነት ተተክቷል።

ሥርዓቱን ለማቆም የተወሰዱ እርምጃዎች

በጊዜው ከተወሰዱት ዋና ዋና እርምጃዎች የሚከተሉት ይገኙበታል።

1. ሕግን ለሕዝብ ማሳወቅ፦ ነጋሪት ጋዜጣ መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የግብር ልክ በጽሑፍ ታውጆ ለማንም ሰው የሚታወቅ ሆነ።

2. የመሬት ግብርን በገንዘብ መወሰን፦ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15፣ ለም ጠፍ ለሆነ 10፣ ለጠፍ መሬት 5 ብር ወሰነ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ በዓይነት ይከፈል የነበረውን አሥራት በገንዘብ ተክቶ በቅደም ተከተል 35፣ 30 እና 10 ብር አደረገው። ስለዚህ የአንድ ጋሻ ለም መሬት ጠቅላላ ክፍያ 50 ብር ሆነ።

3. የጠቅላይ ግዛት አስተዳደር፦ ነሐሴ 21 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ አገሪቱ በ12 ጠቅላይ ግዛቶች፣ እነዚህም በአውራጃና በወረዳ ተከፋፈሉ። ገዥዎች ከግብሩ ድርሻ የሚያስቀሩ ባለርስቶች መሆናቸው ቀርቶ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የሚታዘዙ ደመወዝተኞች እንዲሆኑ ተደረገ።

4. ባንክና ገንዘብ፦ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሞ ሚያዝያ 7 ቀን 1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ለ50 ሳንቲሙ የሚሆነው ጥሬ ብር ከአሜሪካ በውሰት የተገኘ ነበር።

በራያ የገጠመው ፈተና

አዋጅ ማውጣት አንድ ነገር ሲሆን ሕዝብ አምኖ እንዲቀበለው ማድረግ ሌላ ነው። የጋሻው ስሌት መሬት በቀላድ በተለካበት አካባቢ ይሠራል። ርስት በትውልድ በሚወረስበትና ግብር በአገር ልማድ በጋራ በሚከፈልበት በሰሜኑ ክፍል ግን የአንዱን ገበሬ ድርሻ ለይቶ ማወቅ አዳጋች ነበር። የራያ ቆላ ምርት ደግሞ ከምዕራቡ ተራራ በሚወርደው ጎርፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ጎርፉ በወቅቱ ሲወርድ ማሽላውና ጤፉ ያማረ ይሆናል፤ ሲቀር ግን ገበሬው ለግብር የሚሸጠው እህል አይኖረውም። በገንዘብ የተወሰነ ግብር በመልካም ዓመት ቀላል ሲሆን በክፉ ዓመት ከባድ ሸክም ይሆናል።

በ1935 ዓ.ም. በእንደርታ፣ በዋጅራትና በራያ የተቀሰቀሰው፣ በኋላ ቀዳማይ ወያነ ተብሎ የታወቀው አመፅ የአዲሱ መንግሥት ከባድ ፈተና ሆነ። ከመንስኤዎቹ መካከል የግብር አሰባሰብ፣ የሹማምንት በደልና ማዕከላዊው መንግሥት በአካባቢ አስተዳደር ላይ ያሳየው ቁጥጥር ይጠቀሳሉ። በራስ አበበ አረጋይ የተመራው የመንግሥት ጦር በአምባ አላጌ ከአማፅያኑ ጋር ተዋጋ። በመስከረም 1936 ዓ.ም. መጨረሻ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፤ አመፁም በጥቅምት ወር ተገታ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ለትምህርትና ለጤና ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብም ለጦር ወጪ ዋለ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ግብር የሚጸናው ልኩ በመታወጁ ብቻ አይደለም፤ ከፋዩ ስንት እንደሚከፍል ሲያውቅ፣ የከፈለው በሰብሳቢው ኪስ እንደማይቀር ሲያረጋግጥና በደል ሲደርስበት አቤት የሚልበት ቦታ ሲኖረው ነው። በጊዜው የደመወዝ ሥርዓቱ ቢታወጅም፣ በቂ ገንዘብና የሠለጠነ ሰው ባለመኖሩ በየወረዳው ወዲያው ሥራ ላይ ሊውል አልቻለም።

ዛሬ ያለው ሥርዓት

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት የግብር ሥልጣንን በፌዴራል መንግሥትና በክልሎች መካከል አከፋፍሏል። በአንቀጽ 96 የጉምሩክ ቀረጥ ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠ ሲሆን፣ በአንቀጽ 97 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግል አርሶ አደሮች የገቢ ግብር ለክልሎች ተሰጥቷል። አንቀጽ 100 ደግሞ የሚጣለው ግብር ከምንጩ ጋር የተያያዘና በአግባቡ ተጠንቶ የሚወሰን እንዲሆን ያዛል። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የፌዴራሉን በጀት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል፤ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

ለተገልጋዮች ጠቃሚ ነጥቦች

• ማንኛውም ክፍያ ሲፈጸም ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበልና በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ደረሰኙ ክፍያው ለመንግሥት ገቢ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

• ከፋዩ የክፍያው ልክ በምን ሕግና በምን ስሌት እንደ ተወሰነ የመጠየቅ መብት አለው።

• በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በግብር ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። በክልል ሕግ የሚተዳደሩ ክፍያዎችን በተመለከተ ቅሬታው የሚቀርብበት ጊዜና ቦታ በክልሉ ሕግ ስለሚወሰን፣ ተገልጋዩ በቅድሚያ የወረዳውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሊጠይቅ ይገባል።

• ጎርፍ፣ ድርቅ ወይም ተባይ ምርትን ሲያጠፋ ጉዳቱን ሳይዘገዩ ለቀበሌ አስተዳደርና ለግብርና ባለሙያ ማስመዝገብ፣ በኋላ ለሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል።