ለጎረቤት የተረፈ ቀለም

ሠዓሊ ምን ሲያጣ ነው የሚነጥፈው? ብዙዎቻችን ገንዘብ ወይም ዕውቅና እንላለን። የአውስትራሊያዊው አልበርት ናማትጂራ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል።

ናማትጂራ እ.ኤ.አ. በ1902 በመካከለኛው አውስትራሊያ፣ ሄርማንስበርግ በተባለ የሉተራን ሚሲዮን ተወለደ። ከነባሩ የአረርንቴ ሕዝብ ወገን ነው። በ1936 ሬክስ ባተርቢ የተባለ ነጭ ሠዓሊን በግመል እየመራ አገሩን አዞረው፤ ባተርቢም በምላሹ የውሃ ቀለም አጠቃቀም አስተማረው። ከሁለት ዓመት በኋላ በሜልቦርን ያቀረበው የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርዕይ ሥዕሎች በሙሉ ተሸጡ።

ስሙ ከተማ ቢገባም እሱ ብሩሹን ይዞ ወደ ወገኖቹ ተመለሰ። ልጆቹም ዘመዶቹም መሣል ጀመሩ። ያንኑ ተራራ፣ ያንኑ ነጭ ግንድ ያለውን የባሕር ዛፍ ዘመድ ሁሉም ሣሉት። ግን አልተገለባበጡም፤ ለምሳሌ የፓሬሩልትጃ ወንድማማቾች መስመር ከእሱ ፈጽሞ ይለያል። አንዱ የሌላውን እያየ የራሱን ፈለገ።

መንግሥት ግን የሚያውቀው አንድን ሰው ብቻ ነበር። በ1951 አሊስ ስፕሪንግስ ላይ ቤት ልሥራ ቢል ነባር ተወላጅ በመሆኑ ተከለከለ። በ1953 ደግሞ የንግሥቲቱ የዘውድ በዓል ሜዳይ ተሰጠው። በ1957 እሱና ባለቤቱ ሩቢና ሙሉ የዜግነት መብት ሲያገኙ፣ ልጆቻቸው አላገኙም። መጠጥ መግዛት ተፈቀደለት፤ ለወገኑ ማካፈል ግን ወንጀል ነበር። በ1958 ለዘመዱና ለሙያ ባልደረባው መጠጥ ሰጥተሃል ተብሎ ስድስት ወር ተፈረደበት፤ በይግባኝ ሦስት ወር ሆነ። በ1959 በ57 ዓመቱ ሞተ።

ልብ በሉ፤ በአረርንቴ ባህል ያለው ለዘመዱ ያካፍላል። ቀለሙን ያካፈለውም ሆነ ጠርሙሱን ያካፈለው ያው ባህል ነው። ሕጉ በአንዱ እየኮራ በሌላው አሰረው።

ግፉ በሞቱ አላበቃም። በ1983 የሥዕሎቹ የቅጂ መብት ለአንድ አሳታሚ በ8,500 የአውስትራሊያ ዶላር ተሸጠ። ወደ ቤተሰቡ የአደራ ተቋም የተመለሰው በ2017 ነው፤ ያውም በአንድ ዶላር።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሥዕሉ አልቆመም። ዛሬም ዘመዶቹ በአሊስ ስፕሪንግስ አንድ ማዕከል ውስጥ አብረው ተቀምጠው በውሃ ቀለም ይሥላሉ። የማዕከሉ ስም ትርጉም «ብዙ እጆች» ነው።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ሜዳይ ሠዓሊን ያስከብር ይሆናል፤ ነገ ጠዋት ብሩሽ እንዲያነሣ የሚያደርገው ግን አጠገቡ ተቀምጦ የሚሥለው ሰው ነው። አገር ሠዓሊዋን እየሸለመች ጎረቤቶቹን ከረሳች፣ የሸለመችው ግማሹን ብቻ ነው።