የ1983ቱ ወታደርና ግርሻ

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲያበቃ የተበተነው ሠራዊት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነበር። ስለ ውጊያው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጄኔራሎቹም እንዲሁ። ተኩሱ ካቆመ በኋላ በትኩሳት ስለሞተው ተራ ወታደር ግን ከሕክምና መጽሔት ውጭ ያነበብኩት በጣም ጥቂት ነው።

በሽታው በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ነው፤ መነሻው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ። ቅማሏ በመንከስ ብቻ አታስተላልፈውም። ሰውየው ሲያክክ ይጨፈልቃታል፤ ከውስጧ የወጣው ፈሳሽ በተቧጠጠው ቆዳ ይገባል። አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት፣ ለወራት ከገላ ያልወረደ ዩኒፎርም፣ ሳሙና የለም። ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ደሞ የልብስ ቅማል የጋለ ገላ አትወድም። ትኩሳቱ ሲብስ ታማሚውን ትታ አጠገቡ ወደተኛው ትሄዳለች፤ ሬሳው ሲቀዘቅዝም እንደዚያው። የታመመ ጓዱን አቅፎ ያሞቀ፣ የሟቹን ካፖርት የለበሰ ወታደር ቀጣዩ ተረኛ ነው።

እኔ ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ወታደሮች በራችን ላይ ውሃ ሲለምኑ እናቴ «አትጠጓቸው፣ ቅማል አለባቸው» እያለች እኛን ወደ ውስጥ ታስገባና ራሷ በጣሳ ታጠጣቸው ነበር።

ከእነሱ አንዱን እናስብ። በድንገት ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ራሱን ይፈልጠዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፣ ይነስረዋል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ጓደኞቹ ወባ ነው ይላሉ። በአምስተኛው በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ በላብ ይለቀዋል፤ ተሻለኝ ብሎ ተነስቶ ጉዞውን ይቀጥላል። ከሳምንት ግድም በኋላ ያገረሽበታል። ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ10 እስከ 40 የሚሆነው ሊሞት ይችላል፤ የተራበና በእግር ጉዞ የደከመማ እንዴት ይቋቋመዋል?

ሕክምናው ለወሬ ቀላል ነው፦ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን፣ አንዴ። ነገር ግን መድኃኒቱ በገባ በአንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ ታማሚው ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ያሪሽ ሄርክስሃይመር የምንለው ነው። አጠገቡ ሌሊቱን የሚያድር ነርስና ግሉኮስ ከሌለ በዚያው ሊቀር ይችላል። ጓዱ «መርፌው ገደለው» ቢል አይፈረድበትም።

የሚያሳዝነው ዕውቀቱ እዚሁ አገር መኖሩ ነው። ፓሪ፣ ብራይሰን፣ ፔሪንና ዋረል በኢትዮጵያ በ62 ታማሚዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት ያሳተሙት በ1970 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ከዚያ ክረምት ከ20 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ። እስከ ዛሬ ስለዚህ በሽታ የሚጽፍ ሁሉ ወደዚያ ጽሑፍ ይመለሳል። የጎደለው ሌላ ነበር፦ በርሜል፣ ማገዶ፣ ልብሱን የሚቀቅል ሰው፣ ምላጭ፣ ቅያሪ ልብስ። ስለ 1983ቱ ወረርሽኝ ላንሴት በ1993 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ አውጥቷል። እሱም ቢሆን የሐኪም ጽሑፍ ነው፤ ስም የለበትም።

ይህ ወታደር በውጊያ አልሞተም፤ ከሰላሙ ሟቾች ጋር ልቁጠረው ብል ደግሞ አእምሮዬ እምቢ ይለኛል። ለእናቱ ማን እንደነገራት፣ ምን ብሎ እንደነገራት ማወቅ እፈልጋለሁ።

በዚያ ክረምት በካምፖቹና በየሆስፒታሉ የሠራችሁ ሲኒየሮቻችን አላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ጡረታ ወጥታችኋል። የያዛችሁት ማስታወሻ፣ የድሮ መዝገብ፣ ፎቶም ቢሆን ካለ ለዘንድሮው ግንኙነታችን ይዛችሁልን ኑ። ጽሑፍ የማይመቻችሁ ከሆነ እናንተ ንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።