ቫይታሚን ቢ6፣ አላኒን ራሴሜዝ እና ሳይክሎሰሪን

በ1940ዎቹ ኤስሞንድ ስኔልና ባልደረቦቻቸው ቫይታሚን ቢ6 በሌለበት ማሳደጊያ ውስጥ ያኖሯቸው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አላድግ አሉ። ዲ-አላኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲጨመርላቸው ግን ያለ ቫይታሚኑ አደጉ። ምክንያቱ የተገለጠው በ1951 ዉድና ጉንሳለስ አላኒን ራሴሜዝ የተሰኘውን ኢንዛይም በስትሬፕቶኮከስ ፌካሊስ ውስጥ ሲያገኙ ነው። ባክቴሪያው ቢ6ን አጥብቆ የሚሻው ኤል-አላኒንን ወደ ዲ-አላኒን ለመለወጥ ነበር፤ ያለ ዲ-አላኒን የሕዋስ ግድግዳው ሊታነጽ አይችልም።

ሁለቱ አላኒኖች በአቶም ብዛትም በዓይነትም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የቀኝና የግራ እጅ ያህል ነው። ፒሪዶክሳል ፎስፌት፣ ማለትም ንቁው የቢ6 ቅርጽ፣ ከኢንዛይሙ ላይሲን ጋር ተጣብቆ ይቆያል። አላኒን ሲደርስ ላይሲኑን አስለቅቆ ቦታውን ይይዛል። የቫይታሚኑ ቀለበት ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ ስለሚስብ የአላኒኑ ማዕከላዊ ካርቦን ፕሮቶኑን በቀላሉ ይለቃል፤ ከዚያም ሌላ ፕሮቶን በተቃራኒው ጎን ይገባል። ይኸው ቫይታሚን በሌሎች ኢንዛይሞች ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስወጣል፣ አሚኖ ቡድንንም ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል። የትኛው ቦንድ እንደሚሰበር የሚወስነው፣ ሀርሞን ዳናታን በ1966 እንዳስረዱት፣ ፕሮቲኑ አሚኖ አሲዱን የሚያስቀምጥበት አቅጣጫ ነው። ለመድኃኒት ፈላጊ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ሐሳብ አላውቅም።

ሳይክሎሰሪን የተባለው አንቲባዮቲክ ይህን ያሳያል። በቅርጹ ዲ-አላኒንን ስለሚመስል ወደ ኢንዛይሙ ይገባል፤ ከቫይታሚኑ ጋር ተጣምሮም በቀላሉ የማይላቀቅ ውሁድ ይሆናል። ይህን አንቲባዮቲክ የሚሠራው ስትሬፕቶማይሲስ ላቬንዱሌም ቢሆን ያለ ቢ6 አይሆንለትም፤ የሳይክሎሰሪኑን መነሻ ሞለኪውል የሚያዘጋጀው ኢንዛይም በፒሪዶክሳል ፎስፌት ነው የሚሠራው። ቀጥሎ ያለውን የኤል-ወደ-ዲ ለውጥ የሚያካሂደው ኢንዛይም ግን ቫይታሚኑን አይፈልግም። ባክቴሪያው በገዛ ምርቱ እንዳይጠፋም ሳይክሎሰሪንን የሚቋቋም የራሱ አላኒን ራሴሜዝ አለው።

የሰው ልጅ አላኒን ራሴሜዝ የለውም፤ በቢ6 የሚሠሩ ኢንዛይሞች ግን ብዙ አሉት። ሳይክሎሰሪን መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም ሲሰጥ ድብርት፣ የአእምሮ መታወክና የሚጥል ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ ለታካሚዎች ፒሪዶክሲን (አንዱ የቢ6 ቅርጽ) አብሮ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት የሚያነጣጥረው ሁላችን የምንጋራውን ቫይታሚን ሳይሆን፣ በባክቴሪያው ኢንዛይም ውስጥ ቫይታሚኑን የከበበውን ኪስ መሆን አለበት እላለሁ። ሌላ መንገድም አለ፦ ሳይክሎሰሪን ሁለት ዲ-አላኒኖችን የሚያያይዘውን ላይጌዝም ይገታል፤ ይህ ኢንዛይም ደግሞ ለሥራው ኤቲፒን እንጂ ቢ6ን አይጠቀምም።