በመቀስ የተሠራው የራት ልብስ

ቤቲ ሉ ስፔንስ የመደብር ሻጭ ናት። ለዛሬ ማታ ሪትዝ በተባለው የሀብታሞች ሆቴል ራት ተጋብዛለች፤ የምትለብሰው ግን የላትም። ስለዚህ መቀስ ይነሣል። ቀኑን ሙሉ ስትሠራበት የዋለችው ቀሚስ ተቆራርጦ፣ ጥቂት ጌጥ ታክሎበት የራት ልብስ ይሆናል። ከ1927ቱ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ድምፅ አልባ የፍቅር ኮሜዲ፣ ከ"ኢት"፣ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ትዕይንት ነው።

በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ፣ አጭር ቀሚስ የምትለብስ፣ ሠርታ የምታድርና የምትጨፍር ወጣት "ፍላፐር" ትባል ነበር፤ ቤቲ ሉም አንዷ ናት። የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥት የመምረጥ መብት ያገኙት ገና በ1920 ነው። ፊልሙ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊቷ ደራሲ ከኤሊኖር ግሊን ነው። "ኢት" የሚለው ቃል "ያ ነገር" እንደ ማለት ነው፤ ቁንጅና ብቻውን የማይሰጠው፣ እኛ "ደስ ደስ ያላት" ስንል የምናስበው ዓይነት። ግሊን ራሷም በፊልሙ ብቅ ብላ ትተነትነዋለች። ለእኔ ግን ከትንታኔዋ ይልቅ መቀሱ ይናገራል።

ቤቲ ሉ የመደብሩን ወራሽና አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሳይረስ ዋልታምን ወዳዋለች። ኮኒ አይላንድ መዝናኛ ወስዳው አብረው ሲስቁ ይውላሉ፤ ማታ ሊስማት ሲሞክር ግን በጥፊ ትለዋለች። ዋናው ፈተና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጓደኛዋ ሞሊ ታማ ሥራ ፈትታለች፤ "ድሃ ናትና ልጇን ማሳደግ አትችልም" የሚሉ ሴቶች ሕፃኑን ሊወስዱ ይመጣሉ። ቤቲ ሉ ሕፃኑን አቅፋ "የእኔ ነው" ትላለች። ወሬው ዋልታም ዘንድ ይደርሳል፤ እሱም ከጋብቻ በቀር ሁሉን ሊሰጣት ቃል ይገባል። አልማዝም ቢሆን አልተቀበለችም፤ ሥራዋን ጥላ ወጣች። ፊልሙ ያስቃል፤ የሚያቆመው አከርካሪ ግን ይህ የክብር ጥያቄ ነው።

ቤቲ ሉን የተጫወተችው ክላራ ቦው ይህን ኑሮ ከሰው አልሰማችውም። በ1905 ብሩክሊን ውስጥ በድህነት ተወለደች። እናቷ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበሩ፤ ክላራ እንደተረከችው አንድ ሌሊት ስትነቃ እናቷ ቢላ ይዘው አናቷ ላይ ቆመው ነበር። ወደ ፊልም ያስገባት በ1921 ያሸነፈችው የመጽሔት ውድድር ነው። በ"ኢት" ዳይሬክተር በክላረንስ ባጀር ካሜራ ፊት ዓይኗ ሲቦርቅ፣ ፊቷ በቅጽበት ከሳቅ ወደ እንባ ሲሻገር፣ ድምፅ አለመኖሩ ጨርሶ ይረሳል። በዚያው በ1927 የወጣው፣ እሷም የተወነችበት "ዊንግስ" የመጀመሪያውን የምርጥ ፊልም ኦስካር አገኘ። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ግን ማይክሮፎኑ ያስጨንቃት ጀመር፤ በ1933፣ ገና በ28 ዓመቷ፣ ትወናን ተወች።

"ኢት" ለዓመታት ጠፍቷል ሲባል ቆይቶ በ1960ዎቹ አንድ ቅጂ ፕራግ ተገኘ። በ2001 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። በዚህ ቅዳሜና እሑድ ፈልጋችሁ ተመልከቱት፤ መቀሱ ሲነሣ ደግሞ የክላራን ፊት እዩ።