የቤት ውስጥ ተንከባካቢዎች የሕክምና ሥራ ገደብ

የቤት ውስጥ ተንከባካቢ፣ በተለምዶ «ኬርጊቨር»፣ አረጋዊን ወይም ሕመምተኛን በመኖሪያ ቤቱ እያጠበ፣ እያለበሰና እያበላ ደመወዝ የሚያገኝ ሠራተኛ ነው። በአሜሪካ ከሕክምና ሥራ የትኛውን መንካት እንደሚችል በዋናነት የሚወስነው የየስቴቱ የነርስነት ሕግ በመሆኑ፣ በአንዱ ስቴት የተፈቀደው በሌላው ያስጠይቃል። በሲያትልና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩበት በዋሽንግተን ስቴት፣ የምስክር ወረቀት ፈተናው በአማርኛም በሚሰጥበት፣ ገደቡ በዝርዝር ተጽፏል።

ብዙ የሚያሳስተው የመድኃኒት ነገር ነው። ሕጉ መድኃኒት ለመውሰድ መርዳትንና መድኃኒት መስጠትን ለየብቻ ያያቸዋል። ተንከባካቢዋ ሰዓቱን ታስታውሳለች፣ የጠርሙሱን ክዳን ትከፍታለች፣ ኪኒኑን በማንኪያ ወይም በትንሽ ኩባያ አድርጋ ታቀብላለች። ወደ አፉ የሚያስገባው ግን ታካሚው ራሱ ነው፤ እጁን በእጇ ይዛ ብትመራው እንኳ ከመርዳት አልፋለች። የዓይን ጠብታንም የሚያደርገው ታካሚው ራሱ ነው። ታካሚው የመድኃኒቱን ስም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ መድኃኒት እየወሰደ መሆኑን ማወቅ ግን አለበት። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ትናንት አውቆ የዋጠው ኪኒን ዛሬ ከረሜላ ሊመስለው ይችላል፤ ያን ጊዜ ያችው ማንኪያ ሌላ ፈቃድ ትጠይቃለች።

ፈቃዱ «የነርስ ውክልና» ይባላል። ነርሷ የታካሚው ሁኔታ የተረጋጋ መሆኑን ገምግማ፣ ሥራውን አሳይታና አሠርታ፣ መመሪያውን በጽሑፍ ትሰጣለች። ተቀባዩ የ9 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ ደግሞ ሌላ የ3 ሰዓት የስኳር ሕመም ትምህርት ይወስዳል። ውክልናው ለአንድ ታካሚና ለአንድ ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ ተንከባካቢዋ ፈረቃዋን ስትለቅ ለተረኛዋ አታስረክበውም። ኢንሱሊን መውጋት በዚህ መንገድ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከጀርም ፍጹም የጸዳ አሠራር የሚሹ ሥራዎች፣ በትልቅ የደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ እንክብካቤና የነርስ ውሳኔ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ አይወከሉም። በሌላ አነጋገር እጅ ይወከላል፣ ፍርድ አይወከልም።

መመሪያውን ተከትሎ የሠራ ከተጠያቂነት ይጠበቃል። ለታካሚው ደኅንነት ሰግቶ ውክልናውን አልቀበልም ያለንም አሠሪው ሊበቀለው አይችልም። በሥራ ላይ ብዙም የማይነገረው ይኸኛው መብት ነው።

ሌላው ስቴት ሌላ መንገድ ይመርጣል፤ ለምሳሌ ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሕግ በነርስ ክትትል ሥር የሚሠሩ ከፍተኛ የቤት ጤና ረዳቶችን ፈጥሯል።

ያለ ክፍያ የሚያስታምም ቤተሰብ በእነዚህ ገደቦች አይያዝም። ልጅ እናቷን ኢንሱሊን ብትወጋ የሚጠይቃት የለም፤ ያንኑ መርፌ የምትወጋ ቅጥረኛ ግን ወረቀት ያስፈልጋታል። የዋሽንግተን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1999 ለአካል ጉዳተኞች ሌላ በር ከፍቷል፦ ጉዳቱ ባይኖርበት ኖሮ ራሱ ይሠራው የነበረውን፣ ሐኪም ያዘዘለትን ሕክምና፣ በቤቱ ለእሱ የሚሠራው ተንከባካቢ በእሱ ትእዛዝ ሊፈጽምለት ይችላል። እዚህ ላይ መመሪያ ሰጪው ነርሷ ሳትሆን ታካሚው ነው።